ባለ ጎማው ጎጆ

ንፋስ መውጫ
ሐሙስ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመምህርት መሠረት፣ ሲማዳ፣ ዋርካ ማርያም ትምህርት ቤት

እታለሜ፣ እንዴት ነሽልኝ? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። የእኔ ግን ናፍቆቱም ደህና ነው፤ እንዲያውም ወፍሯል። ልክ ያልሆነው ሌላ ነገር ነው። እሱን ቆየት ብዬ እጽፍልሻለሁ፤ ምናልባትም አልጽፍልሽም።

ያለፈው ደብዳቤዬ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ተመልሶ ደርሶኛል። ከአስር አራት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካገኘሁት ይሻላል፤ ያኔ ባልፍ ኖሮ ዛሬ አንቺን የሚያስቅሽ ማን ነበር? ለእማ ባሳያት ቀዩን አይታ ቆሰልክ እንዴ ብላ ደነገጠች። አዎ ቆስያለሁ አልኳት፣ በእህቴ እጅ።

የጠየቅሽኝን በየተራው ልመልስ። እማ ተሾመች ደህና ናት። አልመነኮሰችም። አምና «እማ ቆብ ልትጭን ነው፣ ድረሽ» ብዬ ጽፌልሽ አንድ ቀን ተኩል እያለቀስሽ በእግርሽ መጥተሽ፣ ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም ያገኘሻት ዕለት የወረወርሽብኝ ጫማ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ይቅርታ ብያለሁ። ዛሬም ይቅርታ። ከፈለግሽ ሌላኛውንም ጫማ ላኪው፣ ቢያንስ ጥንድ ይሆንልኛል።

ሥራ ላይ ነህ ወይ ላልሽው፣ አለሁ። ጋሽ ጌታነህ ጎሚስታ ቤት ሦስት ዓመት ሞላኝ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ጎማ የፈነዳበት ሁሉ እየገፋ ይመጣል እንጂ የሚደውልልን የለም። ንፋስ መውጫ በሚባል ከተማ ንፋስ የማስገባ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እናንተ ጋ ጠበሉ ሜዳ ላይ ቢጫ ቅጥቅጥ መኪና ቆማ አይተሻል? በመስኮቷ መጋረጃ፣ በጣሪያዋ የምድጃ ጭስ መውጫ ያላት? ባለቤቷ ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ። የእስቴ ሰው ናቸው፣ የመካነ ኢየሱስ፤ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው እማማ ወለተ ማርያም ወገባቸው ታሞ መቀመጥ ስለተሳናቸው፣ ሰውየው የመኪናዋን ወንበር በሙሉ ነቅለው አልጋ አስገቡበት። ምድጃ አስገቡበት፣ የውሃ በርሜል፣ የበሶ አቁማዳ፣ ሥዕለ ማርያም። እንግዲህ ከጠበል ጠበል ይዘዋቸው ይዞራሉ። እኔ «ባለ ጎማው ጎጆ» ብዬ ስም አወጣሁላት፤ ከተማው ሁሉ ያንኑ ይዞ ቀረ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥር 13 ቀን እኛ ጋ መጥተው የፊት ሁለቱን ጎማ ቀየርንላቸው። እኔ እስክሠራ «ጋሽዬ፣ ይሄ ቤት ከሆነ የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ሳያስጽፉ ኬላ አያሳልፉዎትም» አልኳቸው። ሰውየው የምር ቀበሌ ሄዱ! ጸሐፊዋ «ቤቱ የት መንደር ነው?» ብትላቸው «እሱ እንደ ነዳጁ ነው» ብለው መለሱላትና ነቁ። እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ ተመለሱ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና «አንተ ልጅ፣ እናትህ ስትወልድህ ያማጠችው ምጥ ነው ወይስ ሳቅ?» አሉኝ።

ታዲያ አሁንም እዚያ አሉ? መኪናዋ ቆማለች ወይስ ወዲያ ወዲህ ትላለች? የሚነሱት መቼ ነው? ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። እንዲሁ ናፍቀውኝ ነው።

ወንድምሽ ይበልጣል
(ስም የሚያወጣው መልአክ ነው ይላሉ፤ የእኔን ዕለት ግን መልአኩ ሌላ ቦታ ሳይሄድ አልቀረም)

—

ዋርካ ማርያም
ሐሙስ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይበልጣል፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለእማም።

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደረሰኝ። ከአርብ ገበያ በአህያ ጨው የጫነ ጎረቤታችን ነው ያመጣው፤ ወረቀቱ ጨው ጨው ይላል። በዚህኛው አምስት ሰጥቼሃለሁ። አንዱ የጨመረው ለይቅርታህ ነው፤ አምኜህ ግን አይደለም።

መኪናዋ አለች። ዋርካው አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ጥላው ለሕሙማኑ ይሁን ብለው ነው። ጋሽ ወርቅነህ ጠዋት ጠዋት ዞር ዞር እያሉ የፊት ጎማዎቹን በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ለተማሪዎቼም «አዲስ ጎማ እንዲህ ነው የሚጮኸው» እያሉ ያሰማሉ። አራት ሱባኤ ተስለው ነው የመጡት፤ ሃያ ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ሱባኤው ሳይፈጸም ጎማዋ ዞር አይልም ብለዋል። የሚያልቀው አርብ የካቲት 14 ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ከኪዳን በኋላ ተነሥተው ቅበላን እስቴ ቤታቸው ሊውሉ አስበዋል።

የምሥራች አለኝ። እማማ ወለተ ማርያም ባለፈው እሑድ የመኪናዋን በር ይዘው ቆሙ። ከዚያም ለቀቁትና ሦስት እርምጃ ተራመዱ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሰማሁ፤ ጠመኔውን ጥዬ ሮጥኩ። ሁለት ዓመት በጀርባቸው የተኙ ሴት ናቸው እኮ። «ጾሙ ሲገባ ከሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በእግሬ ነው የምቆመው» ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ ስላልክ አልጠይቅህም ብዬ ነበር። አልቻልኩም። እኔ አንተን አሳድጌሃለሁ። ስትቀልድ ብዙ ትጽፋለህ። ስለ ቤት ቁጥሩ ይህን ሁሉ ጽፈህ ስለ ጎማው የጻፍከው ግማሽ መስመር ነው። የዘለልከው ምንድን ነው?

እህትህ መሠረት

—

ንፋስ መውጫ
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ቀይ እስክሪብቶሽን ለጊዜው አስቀምጪው።

የእማማን መቆም አንብቤ ደስ አለኝ። ለእማ ነግሬያት እሷም እልል አለች፤ «አንተ ምን ሆነህ ነው የጠቆርከው?» ብትለኝ የጎማ ጥቁረት ነው አልኳት።

ለጠየቅሽው መልሱ ይኸው። እነዚያ ሁለት የፊት ጎማዎች ጥሩ አይደሉም። ከፋብሪካቸው ችግር አለባቸው የሚል ወሬ ሰምተናል። ስለዚህ ጋሽ ወርቅነህ ቅዳሜ እንዳይነሡ ንገሪያቸው። ሌላ ጎማ አግኝቼ እስክልክ ይቆዩ። አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት። ቅበላ እዚያም ቅበላ ነው፤ ዶሮ በሲማዳም ይጮኻል።

ቀልድ አይደለም። በማርያም ቀልድ አይደለም።

እሺ ካላሉ ምን በያቸው መሰለሽ? ቀበሌው በመጨረሻ የቤት ቁጥሩን ፈቅዷል፣ ይበልጣል በሰሌዳ አስጽፎ እያመጣ ነው፣ ቁጥሩ ሳይለጠፍ ቤቱ አይንቀሳቀስም በያቸው። ይስቃሉ፤ ሲስቁ ልባቸው ይራራል፤ ይቆያሉ።

ለምን አንተ ራስህ አትወርድም እንደምትይ አውቃለሁ። ጋሽ ጌታነህ ለወንድሙ ተዝካር ሄዷል፤ ሱቁን ዘግቼ ልሄድ አልችልም። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

አደራ መሡዬ። በያቸው ብቻ።

ይበልጣል

—

ዋርካ ማርያም
ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይበልጣል፣

ደብዳቤህን ቅዳሜ ስቀበል ያው ጋሽ ወርቅነህ ደጅ ቁጭ ብለው ነበርና እዚያው ከፍቼ አነበብኩላቸው። ጠበልተኞቹም ከበው ይሰሙ ነበር። ጎማው ጥሩ አይደለም የሚለውን አዳመጡኝ። የቤት ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን ያዙኝ ልቀቁኝ ሆነ። ሳቁ ሳል አስከተለባቸው፤ እማማ ከውስጥ «ምን አለ? ምን አለ ያ ጉድ?» እያሉ ተጣሩ፤ እንደገና ማንበብ ነበረብኝ።

«ይህ ልጅ አሁን ደግሞ ጎማዬን ሊያስፈታኝ ነው» አሉ። «ቁጥሩን እኮ መነጽሬን አድርጌ በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። አስራ አምስት ይላል። የሁለት ዓመት ጥጃ ነው። ጥርሱ አልተነካ፣ የላስቲክ ፀጉሩ ገና አልረገፈ።»

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን «በማርያም» ያልከው ትዝ አለኝ። አንተ እማ ልትመነኩስ ነው ያልክ ጊዜ እንኳ በማርያም አልማልክም። ሰኞ ተመልሼ ለብቻቸው ጠየቅኋቸው፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት ቢቆዩስ አልኳቸው። ጾሙ ሰኞ ይገባል፤ ወለተ ማርያም በእግሯ የምትቆምበትን ደጅ በወንድምሽ ጨዋታ አላስቀርባትም አሉኝ። ምን ልበላቸው? አርባ ዓመት መሪ የጨበጠን ሰው በሰማሁት ወሬ ማቆም ይቻላል?

ደግሞም አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ጎማው መጥፎ ከሆነ ስትገጥመው ለምን አልነገርካቸውም? ያኔ ካላወቅህ አሁን ማን ነገረህ? እውነት ከሆነ እንዴት እንዳወቅህ ጻፍልኝ፤ ያን ጊዜ መኪናዋ ፊት እተኛለሁ። ግን ይህ ወረቀት የሚደርስህ ቅዳሜ ነው፤ እነሱም የሚነሡት ቅዳሜ ጠዋት ነው።

እግዜር ካንተ ቀልድ ይሰውራቸው።

መሠረት

—

ንፋስ መውጫ
ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረፋድ

መሠረት፣

ሰላምታውን ዝለይው። ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። ይህን የያዘው ሞተረኛ ለጤና ጣቢያችሁ መድኃኒት ያወርዳል፤ እንዲበር ለምኜዋለሁ። ካልተነሡ አስቁሚያቸው። ተነሥተው ከሆነ ሰው አስከትዪ። እንዴት እንዳወቅሁ ይኸውልሽ።

ጎማ ጎኑ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ባለው ቦታ አራት ቁጥር አለው። የፊተኛው ሁለት ሳምንቱ ነው፣ የኋለኛው ሁለት ዓመቱ። የእነዚያ 2215 ይላል። ጋሽ ወርቅነህ አስራ አምስቱን የእኛ 2015 ነው ብለው አነበቡት። ጎማ ግን በእኛ ዘመን አይቆጥርም፤ የፈረንጅ ነው። የፈረንጅ 2015፣ ሃያ ሁለተኛ ሳምንት ማለት የእኛ ግንቦት 2007 ነው። የሁለት ዓመት ጥጃ አይደለም፤ አስር ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሽማግሌ በሬ ነው። መሬት ረግጦ ስለማያውቅ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ፀጉሩም አለ። ላስቲክ ግን ተቀምጦም ያረጃል፤ ከውስጥ ይደርቃል።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር ብዬ ብጽፍልሽ ታምኚኝ ነበር። አውቅ ነበር። ጋሽ ጌታነህ በመጀመሪያ ዓመቴ አስተምሮኛል። እነዚያን ሁለቱን ከአንድ የተዘጋ መጋዘን ከሌሎች ጋር ነው ያገኛቸው፤ «ለአህያ ጋሪ እንጂ ነፍስ ለጫነ እንዳታወጣቸው» ብሎ ጥግ አስቀምጧቸዋል።

ያን ዕለት እሱ አልነበረም። አዲሶቹ ጎማዎች በጓዳ ነበሩ። እኔ ግን ሽማግሌው አርባ ዓመት ነዳሁ፣ ጎማ እኔን አያታልለኝም እያሉ ሲፎክሩ፣ እስቲ ልፈትናቸው ብዬ የጋሪዎቹን አንከባልዬ አወጣሁ። ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር። አንብበው ሲሳሳቱ «ጋሽዬ ተያዙ! ዘጠኝ ዓመት ከስምንት ወር በሉ» ልላቸው፤ ስቀን ልንቀይረው። ምራቃቸውን ቀብተው ጠርገው፣ መነጽር አድርገው አነበቡ። «የሁለት ዓመት ነው፣ ግጠም» አሉ። ሳቄን ዋጥኩት። ትንሽ ይቆይ፣ ሲቆይ ይጣፍጣል አልኩ። እየገጠምኩ የቤት ቁጥሩን ጨመርኩበት። ሲመለሱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል፤ እማማ ቆሎውን ሰጡኝ፤ እሳቸው ትከሻዬን ይዘው በሰው ፊት «ይህ ልጅ ቀልደኛ ቢሆንም ጎማ ያውቃል፣ እጁ ይባረክ» አሉ። ከምርቃቱ በኋላ «አይ፣ የጋሪ ጎማ ነው የገጠምኩልዎ» ለማለት አፍ ጠፋ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሄዱ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቀዘ።

የፋብሪካ ወሬ የሚባል የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ባለፈው እውነቱን ግማሹን ጻፍኩልሽ፤ የቀረው ግማሽ እኔ ነበርኩ። የሱቁም ነገር ውሸት ነው። ጋሽ ጌታነህ ተመልሷል። ያልወረድኩት ፊታቸውን ስለፈራሁ ነው።

ካላመኑሽ ይህን አድርጊ። ጎማው ከቸርኬው ብረት ጋር በሚገናኝበት ጎኑን በጥፍርሽ ጫን ብለሽ ግለጪው። መረሬ መሬት በበጋ እንደሚሰነጠቅ ቀጫጭን ስንጥቅ ታያለሽ። ወር ሙሉ በቆላ ፀሐይ አንድ ቦታ ቆማለች። ደግሞ ሌላ መኪና ጭነቱን ያወርዳል፤ ቤት ግን አይወርድለትም፤ አልጋው፣ በርሜሉ፣ ምድጃው ቀንና ሌሊት እዚያው ጎማው ላይ ነው።

አንብቢላቸው። አንድ ቃል አትቀንሺ።

ይበልጣል

—

ዋርካ ማርያም
ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልህ ሌላውን እንድታነብ ነው።

ሞተረኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሸሚዙ ላይ ደም ነበረበት። ዳገቱ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አግኝቷቸው እማማን ከመኪናው ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው። ደብዳቤህ ያኔ በኪሱ ነበር።

የፈነዳው የግራው ነው። መኪናዋን ወደ ግራ ጎትቶ ከተራራው ጋር አላተማት። ገደሉ በቀኝ በኩል ነበር። ቀኙ ቀድሞ ፈንድቶ ቢሆን የምጽፍልህ ይህን አልነበረም።

ጋሽ ወርቅነህ ግንባራቸው ተላጠ እንጂ ምንም አልሆኑም። በርሜሉ ግን ተገልብጦ እማማ እግር ላይ ወደቀ። ከጉልበታቸው በታች ተሰብረዋል። ጤና ጣቢያው አስሮላቸዋል፤ አርባ ቀን ከአልጋ እንዳይወርዱ ብሏል። እኔ ቤት ናቸው፣ አልጋዬ ላይ። ሦስት እርምጃ የተራመዱበት እግር ነው። ትናንት ጾሙ ገባ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ።

ጋሽ ወርቅነህ ዳገቱ ላይ በቀረችው መኪና አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እህል አይቀምሱም፤ ጾም ነው ይላሉ፣ ግን ፀሐይ ከጠለቀ በኋላም አይቀምሱም። ቁልፉን ለቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሰጥተዋል። እሑድ ውሃ ይዤላቸው ብሄድ እንዲህ አሉኝ፦

«ዓይኔ ነው የደከመው፣ እጄ ነው የፈዘዘው። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ጭኜ አንድ ሰው ሳልጥል የገዛ ሚስቴን ጣልኳት።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ጠየቁኝ።

«ያ ልጅ ስለ ጎማው የጻፈው፣ ቀልዱን ነበር አይደል?»

ደብዳቤህ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። አዎ ጋሽዬ፣ ቀልዱን ነው አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ስመረምር ሁለት ቀን ዋልኩ። ጠበልተኞቹ ተቆጥተዋል፤ የገጠመው ማን ነው እያሉ ነው፤ ፈራሁልህ። ደግሞም እኔም ዋርካው ሥር ቆሜ ስቄያለሁ። ይህን ብነግራቸው የእኔም ሳቅ አብሮ ይነገራል። አሁን ሽማግሌው በውሸቴ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን እየበሉ ነው። ምን ላድርግ? እስክትመልስልኝ ለማንም አላነብም።

ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሣሁም። የመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ የሚታረም አላገኘሁም።

መሠረት

—

ንፋስ መውጫ
ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ መሠረት፣

የላክሽው ሰው ዛሬ ጠዋት አገኘኝ። አንብቢላቸው። መልሴ ይኸው ነው። የየካቲት 15ቱን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው፤ ልፈትናቸው ያልኩበትን፣ ሳቄን የዋጥኩበትን፣ ከምርቃቱ በኋላ ዝም ያልኩበትን። እማማም ይስሙ። ጠበልተኞቹ ከፈለጉ ይስሙ።

አንቺ የሳቅሽው እኔ የቤት ቁጥሩን ስለጻፍኩልሽ ነው። ሰው እንዲሞት የማይፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ቀልድ አይጨምርም፤ እኔ ጨመርኩ። ያለ ቀልድ ስጽፍ ራቁቴን የቆምኩ እየመሰለኝ ነው። የሳቁን ጥፋት ለራስሽ አትውሰጂብኝ።

ለጋሽ ጌታነህ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት «ስድስት አውጣና ጫን» አለኝ። አብረን መረጥን። የፊቱን ብቻ ቀይሮ የኋላውን መተው አይሆንም፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ ናቸው። ክብደቱን እሱ አሰላው፤ አልጋውን፣ ሙሉ በርሜሉን፣ ምድጃውን፣ ሁለቱን ሰዎች ደምሮ፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የመሸከም ልክ ጋር አስተያየና ሰፋ ያለ ትርፍ ያለውን ወሰደ። ዓመታቸው የፈረንጅ 2024፣ ሠላሳኛ ሳምንት ነው፤ የእኛ ሐምሌ 2016። እያንዳንዱን ጎን በጣቱ እየዳሰሰ አለፈ፤ እኔም ከኋላው እየዳሰስኩ። ንፋሱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሞላል። መኪናዋ ረጅም ጊዜ ስትቆም በእንጨት ከፍ ትበል፣ ጎማዋ በጨርቅ ይሸፈን።

ይህን የምጽፍልሽ ጎማ ማወቄን እንድትነግሪያቸው አይደለም። ያን ዕለትም አውቅ ነበር።

ለእማም ነግሬያታለሁ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አጣፍታ ለእማማ ወለተ ማርያም ልትሳል ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እስክትመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ስትመለስ «ሂድ» አለችኝ።

ደብዳቤው ዛሬ ይወርዳል። እኔ እሑድ እህል በጫነ አይሱዙ ጎማዎቹን ይዤ እከተላለሁ። ስለዚህ ከእሑድ በፊት አንብቢላቸው። ፊታቸው ቆሜ ካነበብሽው ጋሽ ወርቅነህ ያዝኑልኛል፤ ደግ ናቸው፣ ሰው ሲያፍር ማየት አይችሉም። ሳይዝኑልኝ ይስሙት። ማን እየመጣ እንደሆነ አውቀው ይቆዩኝ። በሩን ቢዘጉብኝ ከውጭ ሆኜ ስድስቱንም ገጥሜ እመለሳለሁ። ዱላ ካነሡ አትያዣቸው። ቁልፉን ግን ከገበዙ ተቀብለሽ እጃቸው ላይ አድርጊላቸው፤ ያቺን ሴት የጣለ እጅ የእሳቸው አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እኔን ለማዳን ብለው፣ ምናልባት ፈገግ ብለው «ተይው ልጄ፣ ቀልዱን ነው» ሊሉሽ ይችላሉ።

እንደዚያ ካሉ፣ ደግመሽ አንብቢላቸው።

ይበልጣል